ጀኔሬተር ያለ ቼንጅ ኦቨር፦ ለባለቤቱ ብርሃን፣ ለሌላው አደጋ

የወተት ላም ለሚያረቡ፣ ዶሮ ለሚያስፈለፍሉና በኤሌክትሪክ ፓምፕ ለሚያለሙ አርሶ አደሮች መብራት ጠፋ ማለት በጨለማ ማምሸት ብቻ አይደለም። የታለበ ወተት ቶሎ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ካልቀዘቀዘ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። መፈልፈያ ማሽን ውስጥ የገባ የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ሙሉ በ37 ነጥብ 5 ዲግሪ ገደማ መቆየት አለበት። የአንድ ቀን ጫጩቶችም ሙቀት የሚሰጣቸው አምፑል ከጠፋ ለመሞቅ ሲደራረቡ ይተፋፈኑና ይሞታሉ።

ለዚህ ብዙዎች የሚያስቡት መፍትሔ ጀኔሬተር መግዛት ነው። ሐሳቡ ተገቢ ነው። አደጋው የሚመጣው ጀኔሬተሩ ከቤቱ ወይም ከማዕከሉ መስመር ጋር በሚገናኝበት መንገድ ነው።

የተሳሳተው መንገድ ሁለቱም ጫፉ ስፒና በሆነ ገመድ ጀኔሬተሩን ከግድግዳ ሶኬት ጋር ማገናኘት ነው። በዚህ መንገድ ቤቱ ይበራል፤ ነገር ግን ዋናው ብሬከር ካልተዘጋ ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ተቀብሎ ወደ 380 እና 220 ቮልት የሚያወርድ ነው። ኃይል በተቃራኒው ከገባበት ደግሞ መልሶ ወደ ሺዎች ቮልት ከፍ ያደርገዋል። መስመሩ ኃይል የለውም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ፣ የተበጠሰ ሽቦ የነካ እረኛ ወይም በሬ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ጀኔሬተሩ እየሠራ መብራት ድንገት ሲመጣ ደግሞ ሁለቱ ኃይሎች ይጋጫሉ፤ ጀኔሬተሩ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። ከሶኬት የተነቀለው የገመድ ጫፍ ራሱ በባዶው ኃይል ስላለው የነካውን ይመታል።

“ዋናውን ብሬከር እየዘጋሁ እጠቀማለሁ” የሚለው አማራጭም አስተማማኝ አይደለም። በሌሊት በችኮላ የሚነሳ ሰው አንድ ቀን ይረሳል፤ አንዴ መርሳት ደግሞ ሰው ለመግደል ይበቃል።

ትክክለኛው አሠራር

መፍትሔው በተለምዶ ቼንጅ ኦቨር የሚባለው ማሸጋገሪያ ነው። በእጅ የሚሠራው ዓይነት ሦስት ቦታ አለው፤ በአንድ በኩል የመብራት ኃይል መስመር፣ በሌላው በኩል ጀኔሬተር፣ በመካከል ዜሮ። አሠራሩ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ ያግዳል። ጥበቃው በሰው ትውስታ ላይ የተመሠረተ አይደለም።

ማሸጋገሪያው የሚገባው ከቆጣሪው በኋላ፣ ከብሬከር ሳጥኑ በፊት ነው። ለባለ አንድ ፌዝ መስመር ፌዙንም ኒውትራሉንም የሚቆርጥ ባለ ሁለት ፖል፣ ለባለ ሦስት ፌዝ ደግሞ ባለ አራት ፖል ይመረጣል። ሥራው ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ የቆጣሪውን ማሸጊያ መፍታት ግን የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ሠራተኞች ብቻ ድርሻ ነው። የጀኔሬተሩ አካልም በመዳብ ዘንግ ከመሬት ጋር መያያዝ ይኖርበታል።

የብሬከር ሳጥኑ አሮጌ ከሆነ ወይም ሁሉም ነገር በአንድ ብሬከር ላይ ከተንጠለጠለ፣ ማሸጋገሪያው ሲገባ አብሮ ማስተካከሉ ይጠቅማል። የወተት ማቀዝቀዣው፣ መፈልፈያው፣ የጫጩት ቤቱ አምፑልና የውኃ ፓምፑ በአንድ አነስተኛ ሳጥን ለብቻቸው ይሰባሰባሉ፤ ማሸጋገሪያውም በዚህ ሳጥን ላይ ብቻ ይገጠማል። ከ3 ሺህ ዋት በላይ የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ ከዚህ ውጭ ይሆናል። እንዲህ ሲደረግ አነስተኛ ጀኔሬተር ይበቃል፣ ነዳጅም ይቆጠባል።

የጀኔሬተሩ መጠን

በጀኔሬተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ሞተር ሲነሳ በሥራ ላይ ከሚወስደው ኃይል ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይስባል። ከፍታም ጉልበት ይቀንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ በግምት 3 በመቶ ያጣል። ይህ በባሕር ዳር 18 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ወደ 2 ሺህ 800 ሜትር በሚጠጋው ደብረ ብርሃን ከሩብ በላይ ይሆናል።

ለምሳሌ 5 ኬቪኤ የተጻፈበት ጀኔሬተር በ220 ቮልት ወደ 22 አምፔር ይሰጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን 16 አምፔር ገደማ ብቻ ይቀረዋል። በሥራ ላይ 9 አምፔር የሚወስድ የማቀዝቀዣ ሞተር ሲነሳ 27 አምፔር ሊጠይቅ ስለሚችል ጀኔሬተሩ ታንቆ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሚገዛው በትልቁ ሞተር መነሻ ፍላጎትና በአካባቢው ከፍታ ተሰልቶ ነው። ሲሠራም ትልቁ ሞተር ቀድሞ ይነሳል፣ ሌላው ይከተላል።

ጀኔሬተሩ በመኖሪያ ቤት፣ በወተት ክፍል ወይም በዶሮ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስላለበት ከበርና ከመስኮት ርቆ፣ ከዝናብ በተጠለለ ክፍት ቦታ ይሁን። ነዳጅ የሚሞላው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በወር አንድ ጊዜ ማቀዝቀዣውን አስነስቶ ለግማሽ ሰዓት ማሠራት ችግር ካለ አስቀድሞ ያሳያል።

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ

ለወተት ማሰባሰቢያ ማዕከላትና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ጀኔሬተር ሲገዛ የጨረታ ሰነዱ የማሽኑን ዋጋ ብቻ ከያዘ፣ ገመዱና ማሸጋገሪያው በጀት አጥተው ሥራው በስፒና ገመድ ሊጠናቀቅ ይችላል። ማሸጋገሪያ፣ ገመድ፣ የመሬት ዘንግ፣ ተከላና የተጠቃሚዎች ሥልጠና በአንድ ውል ውስጥ መካተት አለባቸው። በሰነዱ ላይ ማዕከሉ የሚገኝበት ከፍታና ትልቁ ሞተር ይጠቀሱ።

ርክክቡም ቀላል ፈተና አለው። መብራት በጠፋበት ሰዓት ጀኔሬተሩ እየሠራ ባለሙያው በቆጣሪውና በማሸጋገሪያው መካከል ይለካል፤ ዜሮ ቮልት ካልተነበበ ርክክብ አይፈጸም፣ ክፍያም አይለቀቅ። ጀኔሬተር ቀድሞ ያላቸው አርቢዎችና ማዕከላትም ግንኙነታቸው በዚሁ መንገድ ይፈተሽ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የማሸጋገሪያው ወጪ ከአንድ ታንክ ወተት ኪሳራም ሆነ ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።