ቪታሚን ከልኩ ሲያልፍ ስለሚያመጣው ጉዳት

ማር ሲበዛ ይመራል እንዲሉ አበው፣ ለሕይወት የሚያስፈልግ ነገር ሁሉ ከልኩ ባለፈ ጊዜ ለጉዳት ይሆናል። ቪታሚንም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ዳሩ ግን ብዙ ሰዎች «ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» በማለት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተው ይወስዱታል፤ ለልጆቻቸውም ይሰጡታል።

ቪታሚኖች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። በውሃ የሚሟሙት ቢ እና ሲ ሲሆኑ፣ ትርፋቸው አብዛኛውን ጊዜ ከሽንት ጋር ይወጣል። ይሁን እንጂ ቢ 6 ለብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ሲወሰድ ጅማትን ጎድቶ እጅና እግርን ያደነዝዛል። በስብ የሚሟሙት ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ናቸው። ከእነዚህም በተለይ ኤ እና ዲ ትርፋቸው በቀላሉ ስለማይወጣ በሰውነት ውስጥ እየተከማቸ ጉዳት ያደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1597 በሰሜን ዋልታ አጠገብ የከረሙ የሆላንድ መርከበኞች የነጭ ድብ ጉበት በልተው በብርቱ ታመሙ፤ የሦስቱም ቆዳ ከራስ እስከ እግር ተላጠ። ምክንያቱ የተገለጠው ከብዙ ዘመን በኋላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ጉበቱ ተመርምሮ እጅግ የበዛ ቪታሚን ኤ እንደ ያዘ ታወቀ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአንጋጫና በከምባታ ደጋ የዘወትር ምግብ የሆነው ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም፣ ቪታሚን ኤ እምብዛም የለውም። የቪታሚን ኤ እጦት ደግሞ ዳፍንትን ያስከትላል፤ ሕፃናትንም ለበሽታ ያጋልጣል። ስለዚህ መንግሥት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ እንክብል ያድላል፤ ይኸውም ከ6 እስከ 11 ወር ላሉት 100,000 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ ላሉት 200,000 ዩኒት ነው። ይህ መጠን ደኅና ነው፤ ለ6 ወር ስንቅ ሆኖ በጉበት ይቀመጣልና እናቶች ሊሸሹት አይገባም። ጉዳቱ የሚመጣው ጊዜው ሳይደርስ ሲደገም ወይም በላዩ ሌላ ሽሮፕና የዓሣ ጉበት ዘይት ሲጨመር ነው። ያን ጊዜ ሕፃኑ ያስመልሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ እርግብግቢቱም ያብጣል። ልማዱ ከቀጠለ አጥንትና ጉበት ይጎዳሉ።

ለነፍሰ ጡር ሴት ነገሩ ይልቁንም የከበደ ነው። በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ቪታሚን ኤ ሲበዛ የፅንሱን ፊት፣ ልብና አንጎል ያበላሻል። በቀን ከ10,000 ዩኒት እንዳታልፍ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ለሕፃናት የሚሰጠው የ200,000 ዩኒት እንክብል የዚህ 20 እጥፍ ነውና ከቶ አትውሰደው።

ከቪታሚን ጋር የሚሰጠው የብረት እንክብልም ለእናቲቱ መድኃኒት ሲሆን ለሕፃን መርዝ ነው። አንዱ እንክብል 60 ሚሊግራም ብረት ቢይዝ፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 10 ፍሬ ከዋጠ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ማስመለሱ ጋብ ቢልም ጉዳቱ በውስጥ ሊቀጥል ይችላልና «ተሻለው» ብሎ መዘግየት አይገባም።

ስለዚህ የሚከተለውን ምክር ጠብቁ።

1ኛ/ ሕፃኑ እንክብል የወሰደበትን ቀን በካርዱ አስጽፉ፤ በሌላ ቀበሌ ወይም ጤና ጣቢያ በታደለ ጊዜም ካርዱን አስቀድማችሁ አሳዩ።

2ኛ/ የብረትና የቪታሚን እንክብሎችን ልጅ በማይደርስበት ስፍራ ቆልፉ፤ ከረሜላ ነው ብላችሁም አታባብሉ።

3ኛ/ ድካም በተሰማችሁ ጊዜ የቪታሚን መርፌ ከመለመን በፊት ተመርመሩ፤ ድካም የደም ማነስ፣ የወባ ወይም የሳምባ ነቀርሳ ምልክት ሊሆን ይችላልና።

4ኛ/ ሕፃን እንክብል ከዋጠ ባዶውን ዕቃ ይዛችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ጎመን፣ ካሮትና ዱባ በቅቤ ተሠርተው ከቆጮ ጋር ሲበሉ፣ ሰውነት በውስጣቸው ያለውን ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው እንደ ፍላጎቱ ነውና መርዝ አይሆኑም። ጓሮአችሁን በአትክልት ሙሉ፤ እንክብሉን ግን በታዘዘው ልክ ብቻ ውሰዱ።