የክፍል ይዘትና የእንግዳው የመክፈል ፍላጎት

የሆቴል እንግዳ የሚከፍለው ለአልጋ ብቻ ሳይሆን ለክፍሉ ስፋት፣ ለጸጥታው፣ ለሙቅ ውኃውና ከመስኮቱ ለሚታየው መልክዓ ምድር ጭምር ነው። ኢኮኖሚስቱ ሼርዊን ሮዝን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት እንዳብራሩት፣ የአንድ ምርት ዋጋ የየባሕርያቱን ዋጋ ያንጸባርቃል።

ለአብነት፣ በአርባ ምንጭ በአፋፍ ላይ ከተሠሩ ሆቴሎች የአባያና የጫሞ ሐይቆች ይታያሉ። በሌላው ሁሉ እኩል ከሆኑ ሁለት ክፍሎች አንዱ ወደ ሐይቆቹ፣ ሌላው ወደ ጓሮ ቢመለከት፣ የኪራያቸው ልዩነት የዕይታው ዋጋ ነው።

ዕይታ ከቦታው የሚገኝ ጸጋ ነው፤ የማይቋረጥ ውኃ፣ ንጽሕናና ጸጥታ ግን በባለቤቱ ጥረት የሚሟሉ ናቸው። እነዚህ ከጎደሉ እንግዳው ለዕይታው የከፈለውን ይቆጫል። ስለሆነም ሆቴሎች የየክፍሉን ይዘት ከዋጋው ጋር አስቀድመው ሊያሳውቁ፣ እንግዶችም ከመክፈላቸው በፊት ሊጠይቁ ይገባል።