የእድፉ ዓይነት ሲታወቅ ማስለቀቂያውም ይታወቃል

ከነቀምት ወደ ጊምቢ ሲጓዝ በዲጋ በኩል ያለፈ ሰው የአፈሩን ቅላት አይረሳውም። ክረምት ሲገባ ይኸው አፈር ጭቃ ሆኖ የልጆችን የትምህርት ቤት ልብስ ያቀላል። በዓል ሲደርስ ደግሞ ጩኮው ሲቀርብ ቅቤው ለነጠላም ይተርፋል። ከሥራ ደክማ የተመለሰች እናት ሁለቱንም በአንድ ዓይነት አስተጣጠብ ስታሽ ታመሻለች፤ ልብሱ ይሳሳል፣ እድፉ ግን አይለቅም። ምክንያቱ የጉልበት ማነስ ሳይሆን፣ ሁሉም ነገር በአንድ ዓይነት ፈሳሽ የማይሟሟ መሆኑ ነው።

ጨውና ስኳር በውሃ ይሟሟሉ። ቅቤና ዘይት ግን በውሃ አይሟሙም። ሳሙና የሚረዳን አንዱ ጫፉ ቅባቱን፣ ሌላው ጫፉ ውሃውን ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ ቅቤ የነካውን ልብስ ውሃ ከመንከሩ በፊት በፈሳሽ ሳሙና ቀብቶ ጥቂት ማቆየት፣ ከዚያም በሞቀ ውሃ ማጠብ ይበጃል። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል፣ የጥፍር ቀለም በአሴቶን ይለቃል፤ አስቀድሞ ግን በማይታይ የልብሱ ክፍል ላይ መሞከር ያስፈልጋል።

ቀዩ አፈር ቅላቱን ያገኘው የዝገት ዘመድ ከሆነ የብረት ውሁድ ነው፤ ይህም በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ ጭቃው እስኪደርቅ ጠብቆ ማራገፍ፣ ቀጥሎም ማጠብ ነው። በነጭ ልብስ ላይ የሚቀረውን ቅላት፣ እንደ ዝገት ሁሉ፣ በሎሚ ጭማቂ አሽቶ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ያቀለዋል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም በሎሚ ወይም በአቼቶ አሲድ እየተንተከተከ ይሟሟል። አሉሚኒየም ዕቃ ላይ ግን አሲድ ማቆየት ዕቃውን ይበላዋል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ሎሚው አልበቃ ሲል በረኪና የመጨመር ልማድ ነው። በረኪና ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ የዝገት እድፍንም ያብሳል እንጂ አያስለቅቅም። ቤንዚን ቅባትን ቢያሟሟም ትነቱ ራቅ ካለ የከሰል ምድጃ እንኳ እሳት ይስባልና ለልብስ ማጠቢያ አይሁን። ላምባም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ። ሕፃን ከጠጣው ለማስታወክ ሳይሞከር ፈጥኖ ወደ ጤና ድርጅት መውሰድ ይገባል።

እናቶች፣ ከማሸታችሁ በፊት እድፉ ከምን እንደመጣ ጠይቁ። እንዲህ ሲሆን ልብስም፣ ጊዜም፣ ጤናም ይተርፋል።