የድረ ገጽ መረጃን ለውሳኔ ማብቃት፦ ገነተ ማርያም እንደ አብነት

ከላሊበላ ከተማ በስተምሥራቅ በላስታ ተራሮች የምትገኘው ገነተ ማርያም ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍላ የታነጸች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ናት። የግድግዳ ሥዕሎቿ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከነገሡት ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ጋር ተያይዘው ይጠቀሳሉ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በላሊበላ ከተማ ያሉት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በመሆናቸው የብዙ ጎብኝዎች ትኩረት በእነርሱ ላይ ያርፋል።

እንዲህ ያለውን ቅርስ በድረ ገጽ የሚያስተዋውቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት "ገጹን ስንት ሰው ተመለከተው?" ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ሆኖም ቁጥሩ ለውሳኔ የሚጠቅመው በአግባቡ ተሰብስቦ፣ ኃላፊዎች በቀላሉ በሚረዱት ሥዕላዊ መግለጫ ሲቀርብና ከመስክ መረጃ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ለዚህ ተግባር በስፋት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 ያስተዋወቀው ጉግል አናሊቲክስ ነው። በድረ ገጹ ላይ የሚጫን አጭር ኮድ የትኛው ገጽ፣ መቼ፣ ከየት አገርና በምን መንገድ እንደተከፈተ ይመዘግባል። ሉከር ስቱዲዮ የተባለው መሣሪያ ደግሞ ይህንኑ መረጃ ተቀብሎ በግራፍ፣ በሠንጠረዥና በካርታ ያሳያል። ይህ መሣሪያ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ዳታ ስቱዲዮ በሚል ስም ይታወቅ ነበር።

ሁለቱን የማገናኘቱ ሥራ አስቸጋሪ አይደለም። በመጀመሪያ በአናሊቲክስ ውስጥ የሰዓት ክልሉ የኢትዮጵያ መሆኑ ይረጋገጣል። ቀጥሎም ሪፖርቱን ለሚያዘጋጀው የኢሜይል አድራሻ የማየት ፈቃድ ይሰጣል፤ የይለፍ ቃል ማቀበል አያስፈልግም። ከዚያም በሉከር ስቱዲዮ አዲስ የመረጃ ምንጭ ተከፍቶ ጉግል አናሊቲክስ፣ በመቀጠልም የድረ ገጹ መለያ ይመረጣል። በመጨረሻም ቀን፣ ገጽ፣ አገርና የእይታ ብዛት ተመርጠው ግራፉ ይዘጋጃል።

ግንኙነቱን የሚፈጥረው አድራሻ የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የሠራተኛው የግል አድራሻ መሆን የለበትም። ሠራተኛው ሲዛወር ፈቃዱ ከተነሳ ሪፖርቱ መረጃ ማምጣት ያቆማልና።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የዘመን አቆጣጠርን ይመለከታል። መሣሪያው የበጀት ዓመታችንን አያውቅም። ለምሳሌ የ2017 በጀት ዓመት አንደኛ ሩብ ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30 ጳጉሜን ጨምሮ 95 ቀናት ነበሩት፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከጁላይ 8 እስከ ኦክቶበር 10 ቀን 2024 ያለው ጊዜ ነው። መሣሪያው በራሱ የሚያቀርበው ሩብ ዓመት ግን ከጁላይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ያለው 92 ቀን ነው። በዚህ አቆጣጠር በወሎ መስከረም 21 ቀን የሚከበረው የግሸን ደብረ ከርቤ በዓል ከሩብ ዓመቱ ውጪ ይሆናል። ስለዚህ የጊዜ ገደቡን በእጅ መሙላት፣ ወይም የየዕለቱን መረጃ ወደ ሠንጠረዥ አውጥቶ በኢትዮጵያ ወራት መመደብ ይገባል። የየዕለቱን የእይታ ብዛት መደመር ይቻላል፤ የየዕለቱን ተጠቃሚዎች ብዛት መደመር ግን ተመላልሶ የገባን ሰው ደጋግሞ መቁጠር ይሆናል።

ከዚህም በተጨማሪ ቁጥሩ የማያሳየውን ማወቅ ያስፈልጋል። በስልክና በቢሮ ኮምፒውተር የገባ አንድ ሰው እንደ ሁለት ሊቆጠር ይችላል። ላስታ ውስጥ ያለ ተጠቃሚም አዲስ አበባ እንዳለ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ለገና በዓል በእግሩ ወደ ላሊበላ የሚመጣ ምዕመን ደግሞ ድረ ገጹን ጨርሶ ላይከፍት ይችላል። በ2012 ዓ.ም የተከሰተው የኮቪድ-19 ወረርሽኝ፣ በ2013 ዓ.ም የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነትና የኢንተርኔት መቋረጥ በቁጥሮች ላይ ለውጥ ሊያስከትሉ ስለሚችሉ በግራፉ ላይ በማስታወሻ መመልከት አለባቸው። ያለበለዚያ የሁኔታዎች ውጤት የሆነው መቀነስ የሠራተኛ ድክመት፣ መጨመሩም የማስታወቂያ ስኬት ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል።

መረጃን በራስ እጅ ማስቀመጥም ተገቢ ነው። ጉግል የቀድሞውን የአናሊቲክስ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2023 አቁሞ ከጁላይ 2024 ጀምሮ የቆየውን መረጃ ማጥፋቱ ለዚህ በቂ ትምህርት ነው። በየሩብ ዓመቱ አንድ ቅጂ አውርዶ በመዝገብ ቤት ማኖር ይህን ጉዳት ያስቀራል። የሰዎችን የግል መረጃ በሚመለከትም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መከበር ይኖርበታል።

የሥራው ዋነኛ ፋይዳ የሚገኘው ግን የድረ ገጹ መስመር በስፍራው ከሚያዘው የጎብኝዎች መዝገብ ጋር በአንድ ግራፍ ላይ ሲቀመጥ ነው። ስለ ገነተ ማርያም የሚያነቡ ሰዎች ቁጥር እየጨመረ በስፍራው የሚመዘገቡት ካልጨመሩ፣ ተጨማሪ ማስታወቂያ ከማዘዝ በፊት መንገዱን፣ ማረፊያውንና የአስጎብኝ አገልግሎቱን መፈተሽ ይገባል። በስፍራው የሚመዘገቡት ጨምረው ገጹን የሚያነብ ከሌለ ደግሞ መሻሻል ያለበት ድረ ገጹ ነው። ውስን በጀት ያለው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን በየትኛው ላይ እንደሚያውል ለመወሰን ሁለቱን መስመሮች አብሮ ማየት ይጠበቅበታል።