ስድስት ዶቃ፣ ስድስት ምት

«ሕብረ ቀለም» ስንልም «ኅብረ ዝማሬ» ስንልም ከአፋችን የሚወጣው ድምፅ አንድ ነው። ግእዝ ግን ሁለቱን ለይቶ ይጽፋቸዋል፦ በሐመሩ «ሐ» ሲጻፍ ቀለም፣ መልክ ማለት ነው፤ በብዙኃኑ «ኀ» ሲጻፍ አንድነትና መጣመር። አማርኛ ተናጋሪ ልዩነቱን በአንደበቱ ካጠፋው ቆይቷል። ግጥም አስተማሪዎችም የስንኝን ርዝመት «ስንት ቀለም አለው?» እያሉ ይቆጥራሉ፤ በዓይን የሚታየው ቃል ለጆሮ መለኪያ ሆኖ ማለት ነው። የቃላት መገጣጠም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም ጥያቄ ያስነሣል፦ ዜማና ቀለም፣ ምትና ጥለት በእርግጥ ዝምድና አላቸው? ዝምድናስ ካላቸው የት ላይ ነው? እኔ ዝምድናው እውነተኛ ነው እላለሁ። ብዙዎች የፈለጉት ግን በሌለበት ቦታ ነው፤ ያለበትን ቦታ አጥርቶ የሚያሳየው ደግሞ የአርሲ ሴቶች የእጅ ሥራና ዘፈን ነው።

አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው የብርሃን መጽሐፉ የቀስተ ደመናን ቀለማት ሰባት አድርጎ ከሰባቱ የሙዚቃ ድምፆች ጋር አመሳሰላቸው። ከእርሱ በኋላ ፈረንሳዊው ቄስ ካስቴል ቁልፉ ሲነካ ቀለም የሚያሳይ መሣሪያ አሰበ፤ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ስክሪያቢንም እ.ኤ.አ. በ1910 ለጨረሰው «ፕሮሜቴዎስ» ለተባለ ሥራው የብርሃን ዜማ ጻፈለት። ሁሉም የፈለጉት «ይህ ድምፅ ቀይ ነው፣ ያኛው ሰማያዊ» የሚል ሠንጠረዥ ነበር። ሠንጠረዡ ግን አይቆምም። ከዶ የሚነሣው ሜጀር ለስክሪያቢን ቀይ ሆኖ ሲታየው ለአገሩ ልጅ ለሪምስኪ ኮርሳኮቭ ነጭ ነበር። ተፈጥሮም አታግዝም። የአንድ ድምፅ ንዝረት በእጥፍ ሲጨምር ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ይመለሳል፤ ጆሯችን ይህን እጥፍ አሥር ጊዜ ያህል ሊከተል ይችላል። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ግን አንድ እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ የቀይ ብርሃን ንዝረት በእጥፍ ቢጨምር ከዓይናችን ይሰወራል እንጂ ከፍ ያለ ቀይ አይሆንም። ከዚህ የባሰም አለ። ቀይና አረንጓዴ ብርሃን አንድ ላይ ሲያርፉ ዓይን ቢጫ ብቻ ያያል፤ ሁለቱ ጠፍተዋል። ሁለት ድምፅ አብሮ ሲሰማ ግን ጆሮ ሁለቱንም ለየብቻ ይዞ ይቆያል። ዓይን ይቀላቅላል፣ ጆሮ ይለያል። ዝምድናውን በቀለም ቅልቅል ውስጥ የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ መንገዱ ያበቃል።

ዶቃ ግን አይቀላቀልም። ክር ላይ የተሰካ ቀይ ዶቃ ከጥቁሩ ጎን ሆኖም ቀይነቱን አይለቅም፤ ቦታ ይይዛል፣ ተራ ይጠብቃል። የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች በአንገታቸውና በቆዳ ልብሳቸው ላይ በሚያውሉት ዶቃና ዛጎል ሥራው ይኸው ተራ ማስያዝ ነው። ስድስት ስድስት ዶቃ የሚቆጥሩ ሁለት ክሮችን እናስብ። በመጀመሪያው ክር ሦስት ቀይ፣ ሦስት ጥቁር ይከታተላሉ፤ በሁለተኛው ሁለት ቀይ፣ ሁለት ጥቁር፣ ሁለት ነጭ። ቁጥሩ እኩል ነው፤ አንዱ ግን ስድስቱን ለሁለት፣ ሌላው ለሦስት ከፍሏቸዋል። ክሮቹን አንዱን ከሌላው በታች ስንዘረጋቸው የመጀመሪያው ቀለም የሚለውጥበት ቦታ የሁለተኛው ጥቁር ጥንድ መሐል ላይ ያርፋል፤ ሁለቱ ዳግም የሚገናኙት ስድስቱ ሲሞላ ነው። ዓይን በዚያች መገናኛ ያርፋል፣ በመሐል ባለው ልዩነት ይነቃቃል። በአገራችን ዘፈኖች በስፋት የሚሰማው የስድስት ምት «ቺክቺካ» አሠራሩ ቃል በቃል ይኸው ነው። ስድስቱን ምት እጅ ለሁለት ከፍሎ ሲያጨበጭብ ሌላው አካል ለሦስት ሊከፍላቸው ይችላል፤ ጨዋታው የሚሞቀውም በሁለቱ አቆጣጠር መሐል ነው። እዚህ ጋ ምስስል የሚለው ቃል ያንሳል፤ አንድ ስሌት በሁለት የስሜት ሕዋስ ሲያልፍ ነው የምናየው።

«ይህ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቀለሙስ የት ገባ? ቀይና ጥቁሩን በክብና በሦስት ማዕዘን ብንተካውስ?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ተቃውሞ ነው፤ ለምት በቂ መልስ የሰጠው ቁጥር ለቀለም አይበቃም። ለዚህ ጉርብትናን ማየት ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሸቭረል በጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የቀለም ነከራ ኃላፊ ሳለ ጥቁሩ ክር ደከመ የሚል አቤቱታ ደረሰው። ሲመረምረው ጉድለቱ ከነከራው አልነበረም፤ ጥቁሩን ያደከመው አጠገቡ የተሸመነው ቀለም ነው። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አወጣው። ከአሰላ ወደ ጭላሎ ተራራ ተዳፋት በመኸር ወቅት ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፦ ገና ያልደረሰ የገብስ ማሳ ከጎመራ ስንዴ ጎን ሲሆን ለብቻው ካለው ይልቅ ጠቆር ይላል። ቀለም ጎረቤቱ ያደረገውን ይሆናል።

ድምፅም እንዲሁ ነው፤ ቅኝት ማለትም ይኸው ጉርብትና ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ብሎ ይቆማል። ትዝታ ማይነር ለማድረግ ዶ፣ ሬና ሶ አይነኩም፤ ሚና ላ ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። አሁን ሬን እንስማው። ማንም አልነካውም፤ ሚ ግን በግማሽ ድምፅ ተጠግቶታል። ቀድሞ ዘና ብሎ ይሰማ የነበረው ያው ሬ አሁን የተጨነቀ፣ ወደ አንድ ወገን የሚስብ ይመስላል። የጎብለኑ ጥቁር ክር የደረሰበት ይኸው ነበር።

የሙዚቃ ባለሙያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያቀርባል፦ ሃርመኒ የብዙ ድምፆች ባንድ ጊዜ መሰማት ከሆነ፣ የደገኛው ዜማ በአብዛኛው አንድ መሥመር አይደለምን? አርሲም ውስጥ አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ሁሉም የሚይዘው አንዱን ዜማ ነው። እውነት ነው። ነገር ግን በአንድ መሥመር ዜማ ውስጥ ያለፈው ድምፅ በጆሯችን ስለሚቆይ የሚመጣውን ያቀልመዋል። በአንድ ጊዜ መደራረብንም ቢሆን ኢትዮጵያ ታውቀዋለች። በጥበብ ሸማቸው የምናውቃቸው ዶርዜዎች የሚዘፍኑት የተለያዩ መሥመሮችን አንዱን በሌላው ላይ እየደረቡ ነው። ድርና ማግ ማገናኘት ይህን ዘፈን ፈጠረ ለማለት አልደፍርም፤ በአንድ ድምፅ የሚዘፍኑ ሸማኔዎችም በአገሪቱ ሞልተዋል። ሙላቱ አስታጥቄም ኢትዮ ጃዝን ሲሠራ የተጨነቀበት ይህ ነበር፦ ባለአምስት ድምፁ ቅኝት መልኩን ሳያጣ አሥራ ሁለቱን ድምፅ የሚጠቀም ሃርመኒ ከሥሩ እንዴት ይገባል? ከቀይና ጥቁር ጥለት አጠገብ አዲስ ቀለም የሚያስገባ ሸማኔም ጭንቀቱ ተመሳሳይ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የጊዜው ነው። ሥዕል በአንድ እይታ ይታያል፤ ዜማ ግን እየሄደ ይሰማል፣ ሲያልቅም የለም። ለዚህ መልሱን ያገኘሁት በስፌት ነው። ስፌት ከእምብርቱ ይጀመራል፤ ስንደዶው እየዞረ፣ ወስፌው እየወጋ፣ አክርማውና አለላው እየተጠመጠመ ያድጋል። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ይረዝማል፤ ስለዚህ ሰፊዋ የኮከቡን ጨረሮች እኩል ለመያዝ በየዙሩ ቁጥሯን ማስፋት አለባት። አለላው የሚገባበትን ቦታ በየዙሩ አንድ ስፌት ብታሳልፈው ቀጥ ያለው ጨረር ጎብጦ ይሽከረከራል፤ ዘፋኝ ከምቱ ትንሽ ዘግይቶ ሲገባ ዜማው እንደሚወዛወዘው። የተጠናቀቀው ስፌት ባንዴ ይታያል፤ ነገር ግን የምናየው የተቆጠረ ጊዜን ነው። የሚያይ ዓይንም ዝም ብሎ አይቆምም፤ ከእምብርቱ ተነሥቶ ጠርዙን እስኪነካ ይዞራል፣ ቀጣዩን ቀለም ይጠብቃል፣ ሲመጣለትም ይረካል።

ለዚህ ነው ዶቃውን በመስታወት ሣጥን፣ ዘፈኑን በቴፕ ለየብቻ የሚያስቀምጠው ልማድ የሚያሳስበኝ። የአርሲ ሴቶች ለአቴቴ ሥርዓት ሲወጡ፣ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጠውን ሲንቄ የተባለ በትር ይዘው፣ አውጪና ተቀባይ ሆነው ሲዘምሩ ዶቃው በአካላቸው ላይ ነው። በአርሲ ጭፈራ ደግሞ አንገትና ራስ ይወዛወዛሉ፤ ክሩ ላይ በተራ የቆመው ቀይና ጥቁር ከምቱ ጋር ይነሣል፣ ይወድቃል። ሣጥን ውስጥ ያለው ዶቃ ፍጥነቱን አይነግረንም፤ ቴፕ ላይ ያለው ጭብጨባም የትኛው ቀለም አብሮት እንደዘለለ አያሳይም። አሁን በብዙ ሰው ኪስ ካሜራ አለ። የሚቀርጽ ሰው ፊት ላይ ብቻ ባያተኩርና የጭብጨባውን እጅ ከአንገቱ ክር ጋር በአንድ ምስል ቢይዘው፣ አጥኚ በኋላ ስድስቱን ምት ከስድስቱ ዶቃ ጋር አብሮ መቁጠር ይችላል።