ሃያ ዓመት ይቆይ የተባለው ሣጥን

ስዊድናዊቷ ሠዓሊ ሒልማ አፍ ክሊንት እ.ኤ.አ. በ1944 በ81 ዓመቷ ስትሞት፣ ለወንድሟ ልጅ ለኤሪክ ያወረሰችው ከ1,200 በላይ ሥዕልና ከ26,000 ገጽ በላይ የእጅ ጽሑፍ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኤሪክ የባሕር ኃይል መኮንን እንጂ የሥዕል ሰው አልነበረም። ከውርሱ ጋር አደራም ተቀብሏል። ሒልማ በ1932 በማስታወሻ ደብተሯ ላይ፣ የመደመርና የኤክስ ምልክት ያደረገችባቸው ሥራዎች እሷ ከሞተች ሃያ ዓመት ሳይሞላ እንዳይከፈቱ ጽፋ ነበር። ኤሪክ አደራ በላ አልሆነም። ሣጥኖቹ ተዘግተው ከረሙ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲከፈቱ የወጣው ሥዕል ማንም የጠበቀው አልነበረም። ሒልማ ከ1882 እስከ 1887 በስቶክሆልም ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተምራለች። ሰው የሚያውቃትም በሰው መልክ፣ በመልክዓ ምድርና በዕፅዋት ሥዕሎቿ ነበር፤ እንጀራዋም እሱ ነበር። ከሣጥኖቹ መካከል ግን ቁመታቸው ከሦስት ሜትር የሚበልጥ አሥር ሥዕሎች ተገኙ። እርስ በርሱ የተጠላለፈ ክብ፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዘ መስመር፣ አበባ ይሁን ፊደል የማይለይ ቅርጽ፣ ዳር እስከ ዳር የለበሰ ብርቱካናማና ሐምራዊ ቀለም። የሰውን ዕድሜ ከሕፃንነት እስከ እርጅና ይከተላሉ፤ ሰው ግን አንድም ቦታ አልተሣለባቸውም።

የሚያስደነግጠው ደግሞ ዘመናቸው ነው፤ የተሠሩት በ1907 ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት የሚታይ ነገርን የማይመስለውን የአብስትራክት ሥዕል መነሻ ከሠዓሊው ከካንዲንስኪ ጋር ያያይዙት ነበር። ካንዲንስኪ ራሱም በ1935 ለአንድ የሥዕል ነጋዴ በጻፈው ደብዳቤ፣ የመጀመሪያው አብስትራክት ሥዕል እሱ በ1911 የሠራው መሆኑን አስረግጦ ተናግሯል። አሁን ከእሱ አራት ዓመት የቀደመች፣ በዚህ ዘርፍ ስሟን ማንም ያልሰማ ሴት ተገኘች።

ደብተሮቹ የሥዕሎቹን አመጣጥ ይናገራሉ። ሒልማ ከአራት ጓደኞቿ ጋር በ1896 “አምስቱ” የሚባል ማኅበር አቋቁማ ነበር። ሴቶቹ በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ይጸልያሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ፤ ከዚያም መናፍስትን ጠርተው የሚነገራቸውን ይጽፋሉ፣ እጃቸው የሚመራቸውንም ይሥላሉ። በ1906 መጀመሪያ አማልኤል የተባለ መንፈስ ለአንድ ቤተ መቅደስ የሚሆን ሥዕል እንድትሠራ እንዳዘዛትና እሺ እንዳለችው ሒልማ መዝግባለች። ሥራው በ1915 ሲያበቃ 193 ሥዕል ሆነ። ቤተ መቅደሱ አልተሠራም።

ይህ የመናፍስት ነገር ለሥዕሎቹ መሰናክል ሆነባቸው። በ1970 ለስቶክሆልሙ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በስጦታ ቢቀርቡለት ዳይሬክተሩ ፖንቱስ ኹልቴን አልተቀበለም። ከመናፍስት ጋር ስትነጋገር የኖረች ሴት ሥራ ከዘመናዊ ጥበብ ጎራ የሚሰለፍ አልመሰለውም።

ሆኖም ካንዲንስኪስ ከየት ተነሣ? በ1911 መጨረሻ ያሳተመው፣ በሥነ ጥበብ ስላለው መንፈሳዊነት የሚናገረው መጽሐፉ ቲኦሶፊ ከተባለው ምሥጢራዊ እንቅስቃሴ መሥራቾች አንዷ የሆነችውን ብላቫትስኪን በስም ይጠቅሳል፤ የዚያው ዓይነት መንፈሳዊ ትምህርት አስተማሪ የነበረውን ሩዶልፍ ሽታይነርንም ይጠቅሳል። ሠዓሊው ሞንድሪያንም በ1909 የኔዘርላንድ ቲኦሶፊ ማኅበር አባል ሆኗል። ሒልማም ከዚያው ምንጭ የቀዳች ናት፤ የሽታይነር ተከታይም ነበረች። ሦስቱን የለያያቸው ምሥጢራዊነቱ አይደለም። ወንዶቹ ሐሳባቸውን አሳትመው ተከራክረውበታል፤ የእነሱ ምሥጢር “ንድፈ ሐሳብ” ተባለ። የእሷ በደብተር ውስጥ ስለቀረ ቅዠት ተባለ።

ቤተሰቡ በ1972 በስሟ ፋውንዴሽን አቋቋመ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪው ኦኬ ፋንት በ1984 ሄልሲንኪ ላይ በተደረገ ጉባኤ ሥራዎቿን ለባለሙያዎች አቀረበ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሙዚየም፣ ምሥጢራዊ አስተሳሰብ በአብስትራክት ሥዕል ላይ ያለውን አሻራ የሚያሳይ ትልቅ ዐውደ ርእይ ሲከፈት የእሷም ሥዕሎች ከካንዲንስኪና ከሞንድሪያን ጋር ተሰቀሉ። ሁሉም ግን አልተደሰተም። አሜሪካዊው ሐያሲ ሒልተን ክሬመር ሥራዎቿ ከቀለም ንድፍ እንደማያልፉ፣ ሴት ባትሆን ኖሮ ያን ያህል ክብር እንደማይሰጣት ጻፈ።

ነገሩ እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ብዙ ቆየ። ከ2012 ማብቂያ አንሥቶ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስለ አብስትራክት ሥዕል መፈጠር ሰፊ ዐውደ ርእይ አሳየ፤ ሒልማ የለችበትም። በ2013 የካቲት ላይ፣ ያ ዐውደ ርእይ ገና ሳይዘጋ፣ አንድ ጊዜ አልቀበልም ያለው የስቶክሆልሙ ሙዚየም የአብስትራክት ፈር ቀዳጅ ብሎ ለብቻዋ ዐውደ ርእይ ከፈተላት። በ2018 ደግሞ ተራው የጉገንሃይም ሙዚየም ሆነ። ዐውደ ርእዩን ከ600,000 በላይ ሰው አየው፤ በሙዚየሙ ታሪክ ያን ያህል ተመልካች ያገኘ ዐውደ ርእይ አልነበረም። የዐውደ ርእዩ መጽሐፍም እዚያው ሙዚየም በሽያጭ ቀዳሚ የነበረውን የካንዲንስኪን መጽሐፍ በለጠ።

ሕዝቡ ሥዕሉን ሲያደንቅ፣ ደብተሮቹን ገልጦ መመርመር ገና መጀመሩ ነበር። በ2018 ከወጡት መጻሕፍት አንዱ ሒልማ ራሷ ያዘጋጀችውን የምልክቶች መፍቻ ይዟል። በእሱ መሠረት ሰማያዊ ሴትነት ነው፤ ቢጫ ወንድነት፤ አረንጓዴ የሁለቱ መዋሐድ፤ ቀንድ አውጣውም የነፍስን ዕድገት ያሳያል። ዝም ብሎ ጌጥ የመሰለው ሁሉ ፍቺ ነበረው።

ጀርመናዊቷ ጋዜጠኛና የሥነ ጥበብ ተመራማሪ ዩሊያ ፎስ ደግሞ ደብተሮቹን በራሷ ለማንበብ ስዊድንኛ ተማረች። በ2020 ባሳተመችው የሕይወት ታሪክ፣ ሁሉም የለመደው ተረክ ተናጋ። ሒልማ ሥራዋን ከሰው ዓይን ደብቃ የኖረች ባሕታዊት አልነበረችም። በ1928 ለንደን ላይ በተካሄደ የሽታይነር ተከታዮች ጉባኤ ሥዕሎቿን አሳይታለች። 193ቱን ሥዕሎች በፎቶግራፍና በትንንሽ የውሃ ቀለም ቅጂ አድርጋ በአሥር ሰማያዊ አልበሞች አሰናድታ፣ ያስተውሉልኛል ላለቻቸው ሰዎች እየያዘች ትሄድ ነበር። ያጣችው ሥራዋን የሚረዳ ተመልካች ነበር። የሃያ ዓመቱ አደራ ከዚያ ሁሉ ሙከራ በኋላ የመጣ ነው፤ ያልተቀበላትን ዘመን አልፋ የሚመጣውን ለመጠበቅ።

ቀድሞ ያላካተታት የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምም በ2022 አርባ ስድስት የዕፅዋት ሥዕሎቿን ገዛ፤ በ2025 ለሕዝብ አቀረበ። በእነዚህ ወረቀቶች ላይ እያንዳንዱ ተክል ከትንንሽ ምልክቶች ጎን ተሥሏል፤ ትርጉማቸውን ለማግኘት ወደ ጽሑፏ መመለስ ግድ ነው።

ይህ የንባብ ሥራ ለሒልማ ብቻ የሚያደላ አይደለም። አሁን ተመራማሪዎች ደብተሮቹን ይዘው፣ ከቤተ መቅደሱ ሥዕሎች የመጀመሪያዎቹን በመሥራት ከአምስቱ ሴቶች አንዷ የሆነችው አና ካሴልም እጇ እንዳለበት ይናገራሉ። ብቸኛ ሊቅ የሚለው ተረክ ሰባ ዓመት የተረሳችውን ሴት ለማስነሣት ጠቅሟል፤ ደብተሮቹ ግን የሚተርኩት ስለ አምስት ሴቶች ነው። በሒልማ ስም የሚታወቁት ሥዕሎች ነገ የሁለት ወይም የሦስት ሴቶች ስም ቢጻፍባቸው፣ ያንን የሚወስነው እሷው የጻፈችው 26,000 ገጽ ነው።