የሞተር ዘይት አለዋወጥና የአሮጌው ዘይት መጨረሻ

በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፥ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ብረት በጋይንት ደጋ አሳልፈው ከመቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ድንጋዩ እየተፈነቀለ፥ ዳገቱ እየተደለደለ፥ ሥራው ሁሉ የተፈጸመው በሰው ጉልበት ነበር። ዛሬ ግን በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት ርዳታ በተሠራው የወረታና የወልዲያ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከዚያ መድፍ የሚበልጥ ሸክም ይዞ ያን ደጋ በጥቂት ሰዓት ያቋርጠዋል። የብዙ ሺህ ሰው ጉልበት የተካው ይህ ሞተር ሕይወቱ የተመሠረተው በጥቂት ሊትር ዘይት ላይ ነው።

በሞተር ውስጥ ብረት ከብረት ጋር በደቂቃ በሺህ የሚቈጠር ጊዜ ይመላለሳል። ዘይቱ በሁለቱ መካከል እንደ ስስ ሽፋን ሆኖ ይገባና እንዳይፋጩ ይከላከላል፤ ሙቀትን ይወስዳል፤ ጥላሸቱንና የብረቱን ብናኝ ያጥባል። እድፉን የሚይዘው ደግሞ ማጣሪያው፥ መካኒኮቻችን ፊልትሮ የሚሉት ነው። ይህን መሣሪያ ለመኪና ያበጁት ኤርነስት ስዊትላንድና ጆርጅ ግሪንሃልግ የተባሉ አሜሪካውያን ሲሆኑ፥ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1923 ነበር። ይሁን እንጂ ማጣሪያም ይሞላል፤ ዘይትም ይደክማል። የደከመ ዘይት በጊዜው ካልተለወጠ ሞተሩ ራሱን በራሱ ይበላል።

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የሚነዳ ሰው ይህን ከሌላው ይልቅ ሊያስብበት ይገባል። ነፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና፥ በማለዳው ብርድ ዘይት ይወፍራል፤ ሞተሩ እንደ ተነሣም ወደ ላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። ከዚያ በኋላ ረጅሙ ዳገት ሞተሩን ያግለዋል። ወደ ገጠር የሚገቡት የጠጠር መንገዶችም አቧራቸው ብዙ ነው። ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የሚጓዙ ብዙ ምእመናን በዚሁ በነፋስ መውጫ በኩል ያልፋሉና፥ ቤተሰቡን ጭኖ የሚነሣ አባወራ ከመንገዱ በፊት የዘይቱን መጠን ይመልከት።

ከዚህም ሌላ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በእጃችን ያለው መኪና እንግዲህ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ የዘይት ለውጥ ወጪ ከሞተር እድሳት ወጪ ጋር ከቶ አይወዳደርም።

ሥራው በቤት ሊሠራ የሚችል ነው። በመጀመሪያ የመኪናውን መምሪያ መጽሐፍ ተመልክቶ የዘይቱን ዓይነትና መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በዘይት ጣሳ ላይ 15 ደብልዩ 40 ተብሎ ሲጻፍ፥ የፊተኛው ቍጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ፥ የኋለኛው ደግሞ ሞተሩ በጋለ ጊዜ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል፤ ደብልዩ የተባለው ፊደልም ስለ ብርዱ ወራት የገባ ነው። የፊተኛው ቍጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈስሳል። ትንሽ አውቶሞቢል በብዛት ከ3 እስከ 4 ሊትር ተኩል ይይዛል፤ ትልልቆቹ የናፍጣ መኪኖች የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። በየስንት ኪሎ ሜትር እንደሚለወጥም መምሪያው ይናገራል፤ ለዳገትና ለአቧራ አገር የሚያዘው ርቀት ያጠረ ነው። ዘይት ሲገዛ የክዳኑ እሽግ ያልተነካ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

ከዚህ በኋላ መኪናው በሜዳ ላይ ይቁም። ሞተሩ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይሥራና ይጥፋ፤ ለብ ያለ ዘይት እድፉን ይዞ ይወጣልና ነው። እጅግ የጋለ ዘይት ግን እጅ ያቃጥላል። የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ይደረግ። መኪናውን ማንሣት ካስፈለገ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ! ክሪክ ይንሸራተታል፤ ነፍስም ትጠፋለች። ልጆች ማየት ቢወዱ ራቅ ብለው ይቁሙ።

ከላይ የዘይቱ መጨመሪያ ክዳን ይከፈት፤ ከሥር ሰፊ ዕቃ ይቀመጥ። ከዚያም በሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማውጫ ብሎን በልኩ ቁልፍ ይፈታ። ዘይቱ ጠብታው እስኪያልቅ ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል መታገሥ ነው። ማጣሪያው በሚፈታበት ጊዜ የአሮጌው ማጣሪያ ጎማ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ እንዳይቀር ማየት ይገባል፤ በሁለት ጎማ ላይ የተጠበቀ ማጣሪያ ዘይቱን አፍስሶ ሞተሩን ይጨርሳል። የአዲሱ ማጣሪያ ጎማ አዲስ ዘይት ይቀባና በእጅ ይጠበቅ፤ ጎማው ከነካ በኋላ የአንድ ዙር ሦስት አራተኛ ያህል ይበቃዋል። ብሎኑም ቀለበቱ ተለውጦለት በልክ ይጠበቅ፤ በኃይል ቢጠበቅ ጥርሱ ይበላሻል።

ቀጥሎ አዲሱ ዘይት ይጨመርና ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ይሥራ። ቀዩ የዘይት መብራት ካልጠፋ ወዲያው ሞተሩን ማጥፋት ነው። ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር አለመኖሩም ይታይ። ጥቂት ቈይቶ በመለኪያው ዘንግ ሲታይ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፥ ወደ ላይኛው ቀርቦ መገኘት አለበት። ማብዛትም ጉዳት አለው፤ የበዛ ዘይት ይመታና አረፋ ይሆናል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ መጥቈሩ አያስደንግጥ፤ ጥላሸቱን መያዙ ነው። ወተት የገባበት ቡና መስሎ ቢገኝ ግን ውሃ ገብቶበታልና መኪናው ሳይነዳ መካኒክ ይጠራ። በመጨረሻም ቀኑና ኪሎ ሜትሩ በደብተር ይጻፍ።

ብዙዎች ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በዕቃው ውስጥ የተጠራቀመው የተቃጠለ ዘይት ገና መጨረሻውን አላገኘም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ የውሃ እናት ነው፤ ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ስማዳን ከወሎ የሚለየው በሽሎም ወደ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ በነፋስ መውጫ፥ በወገዳ ወይም በእስቴ መካነ ኢየሱስ ቦይ ውስጥ የተደፋ ዘይት የጎረቤት ከብት ከሚጠጣው፥ እናቶችም ከሚቀዱት ውሃ ይደርሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚገልጸው፥ ከአንድ ለውጥ የሚወጣ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊያበላሽ ይችላል። በምንጭ ራስ ላይ የተቀመጠ ሰው በታች ላለው ሁሉ ባለዕዳ ነው።

ስለዚህ አሮጌው ዘይት በሚከደን ጀሪካን ተጠራቅሞ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ። ጀሪካኑ የምግብ ዘይት የነበረበት ከሆነ በላዩ ላይ በትልቁ ይጻፍበት፤ ከማድ ቤትም ይራቅ። በስሕተት ከወጥ ውስጥ የሚገባ ዘይት ቤተሰብን ይመርዛልና። ለምስጥ መከላከያ እንጨት የሚቀቡበት ሰዎችም ከጕድጓድ ውሃ፥ ከእህል ጎተራና ከንብ ቀፎ አጠገብ ሊያደርጉት አይገባም። ማጣሪያውም ተዘቅዝቆ ሌሊቱን ይንጠፍጠፍ። በእጅ ላይ የቀረው በሳሙና ይታጠብ፤ ዘወትር ቆዳ ላይ የሚቀር የተቃጠለ ዘይት ሕመም ያመጣል።

አንባብያን ሆይ፥ ልጆቻችን ብሎን መፍታትን በአንድ ቀን ይማሩታል። አባታቸው ጥቁሩን ዘይት ቦይ ውስጥ ሳይደፋ ተሸክሞ እስከ ጋራዥ ሲሄድ ካዩት ደግሞ፥ የማያውቁትን ጎረቤት ማክበርን ከዚያው ይማራሉ።